ሁለቱ ገመዶች የት ይገናኛሉ?

የሥራ ዘመኔን ግማሹን ሰውን ከሰው፣ ግማሹን ሳጥንን ከሳጥን ሳገናኝ ጨረስሁት። ስጀምር ንፋስ መውጫ ስልክ ቤት ማዳመጫ በጆሮዬ አጥልቄ፣ ገመድ እየሰካሁና እየነቀልሁ «ደብረ ታቦር ቀርቧል፣ ይነጋገሩ» የምል ኦፕሬተር ነበርሁ። ስጨርስ ደግሞ በዚያው ከተማ፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩባቸው ሰርቨሮች የተቀመጡበትን ክፍል ገመዶች የምጠብቅ የኔትወርክ ባለሙያ ነበርሁ። ባለፈው ክረምት ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው «በይ ንግግር አድርጊ» አሉኝ። አመስግኜ ብቻ ተቀመጥሁ። ያን ቀን ያልወጣልኝን ነገር ነው አሁን ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

የሺወርቅ እባላለሁ። አባቴ ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ መምህር ነበሩ። ደቀ መዛሙርቱ ሲቀጽሉ ከጓዳ ሆኜ አዳምጥ ነበርና አንዱ ዜማውን ሲስት ከእሳቸው እኩል ይታወቀኝ ነበር። «ይቺ ልጅ ጆሮ ነበራት፤ ምን ያደርጋል» ይሉ ነበር አባቴ። ወንድ ብሆን ደብተራ ያደርጉኝ ነበር ማለታቸው ነው። ሴት ሆኜ ተገኘሁና ንፋስ መውጫ ዘመድ ቤት አስቀምጠው አስኳላ ላኩኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ስልክ ቤት ተቀጠርሁ።

ጆሮዬ እዚያ እንጀራ ሆነኝ። መስመር ሲታመም ድምፁ ይለያያል። ውኃ የገባበት መስመር እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንጫጫል። መገናኛው የላላ መስመር ነፋስ በተነሳ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። የተበጠሰ ግን ምንም የለውም፤ ድርቅ ያለ ዝምታ ነው። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ አድርጎ የሚውል ሰው ይደርስበታል።

አንድ ጊዜ የደብረ ታቦር መስመር ለሳምንት ሲያስቸግር ከእስቴ አንድ የመስመር ባለሙያ ተላኩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኪሰ ብዙ ካኪ ኮት የማይለያቸው ሰው ናቸው። ጋሽ አየልኝ ይባላሉ። ወደ ማሠራጫው ሳይሄዱ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ይንኮሻኮሻል። ሲዘንብ ደህና ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ነው የሚብሰው። የላላ መገናኛ ይመስለኛል።»

መሣሪያቸውን አንሥተው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው አንድ ዝገት የበላው የሽቦ መገናኛ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ይኸው ያልሽው» አሉ። ከዚያ ወደ አለቃችን ክፍል ገብተው «ይቺን ልጅ ለመስመር ሥራ ስጡኝ» ሲሉ በበሩ ክፍተት ሰማሁ።

«ሴት የስልክ እንጨት ላይ ልትወጣልህ ነው?» አለ አለቃችን።

«እንጨት የሚወጣ ሞልቶኛል። የሚሰማ ነው ያጣሁት።»

እንዲህ ሆኖ የእሳቸው ረዳት ሆንሁ። አብሬያቸው የሠራሁባቸው ዓመታት የቀረውን ዕድሜዬን ሥራ ሰጡኝ ብል ማጋነን አይደለም። ጋሽ አየልኝ ሲሠሩ አይናገሩም፤ ሠርተው ካልጨረሱ ውኃ እንኳ አይጠጡም። እያንዳንዱን ገመድ በሁለቱም ጫፍ በቁስል ፕላስተር ጠቅልለው ስሙን ይጽፉበታል፤ በአንድ ጫፍ ብቻ የተጻፈ ስም ግማሽ ውሸት ነው ይሉ ነበር። ሁለት የእጅ ባትሪ ይይዛሉ፤ ሁለቱን ግን አንድ ኪስ ውስጥ አይከቱም። «ኪሱ ቢቀደድስ?» ይላሉ ስንስቅባቸው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው። ማንም «ይኼ ለመጠባበቂያ የተዘረጋ ሁለተኛ መስመር ነው» ብሎ ሲያሳያቸው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «ሁለቱ የት ይገናኛሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለት ነገር ሁለት የሚሆነው የማይገናኙ ከሆነ ነው። በአንድ ቦታ እንኳ ከተገናኙ፣ ያ ቦታ ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ።

የጥያቄዋን ትርጉም የተረዳሁት ስማዳ ላይ ነው። ወገዳ ከተማ የሬዲዮ ስልክ ጣቢያ ተተክሎ ነበር፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ሁለት ረድፍ ባትሪ ያለው። አንደኛው ረድፍ ቢደክም ሌላው እንዲይዝ ነው። ለርክክብ አንድ ትልቅ ኃላፊ ከባሕር ዳር መጡ። የተከለው ሰው ባትሪዎቹን እያሳየ ሲያስረዳ ጋሽ አየልኝ ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

«አይገናኙም፣ ለየብቻ ናቸው» አለ ሰውዬው።

ኃላፊው በዚያው ስልክ ከባሕር ዳር ጋር እየተነጋገሩ፣ «በጣም ጥሩ ይሰማል» እያሉ እየሳቁ ሳለ ጋሽ አየልኝ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ረድፍ ገመድ ነቀሉት። ስልኩ ድርግም አለ። ኃላፊው እጀታውን እንደያዙ ዘወር አሉ።

«ምን አደረግህ፣ አንተ ሰውዬ?»

«ጌታዬ፣ ዛሬ በእርስዎ ጆሮ ላይ ቢሞት ይሻላል» አሉ ጋሽ አየልኝ በትሕትና። «ነገ ምጥ የያዛት ሴት ወንድም ሐኪም ሲጠራ ከሚሞት።»

ፈትሸን ስናየው ሁለቱም ረድፎች ወደ ሬዲዮው የሚገቡት በአንዲት ፊውዝ በኩል ነበር። ገመዱ ሲነቀል በተፈጠረው ብልጭታ ፊውዟ ተቃጥላለች። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። በረንዳው ላይ ድንጋይ ስበው ተቀምጠው፣ እኛ ሁለቱን ረድፎች በየራሳቸው ፊውዝ እስክንለያይ ጠበቁ። ከዚያ ባሕር ዳርን እንደገና አስጠርተው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «በል አሁን ንቀል» አሉ። ጋሽ አየልኝ ነቀሉ። ኃላፊው ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔ ያን ቀን፣ የሠራ ሰው የሠራውን በገዛ እጁ ለማፍረስ ካልደፈረ ሥራው እንዳላለቀ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተመደብሁ። እዚያው አስተማሪ አገባሁ፤ ወልጄም አሳደግሁ። ደመወዙ ለወር ይበቃ ነበር፣ ወሩ አጭር ከሆነ። አውቶማቲክ ስልክ ገብቶ ኦፕሬተርነት ሲቀር እኔ በመስመር ሠራተኝነቴ ተረፍሁ፤ ሞባይል ሲመጣ ደግሞ ባሕር ዳር ልከው ኮምፒውተርና ኔትወርክ አስተማሩኝ። ጋሽ አየልኝ ጡረታ ወጥተው ንብ ያነቡ ነበር። ሚሊኒየሙን ሳያዩ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ከወረዳው ሁሉ የመጣ ሰው ነበር፤ አብዛኛው ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን የማያውቅ።

ሚሊኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ወደ ጤናው ዘርፍ የተዛወርሁት። ንፋስ መውጫ ላይ ለአካባቢው ጤና ጣቢያዎች አንድ የመረጃ ማዕከል ተከፍቶ ነበር። የሕሙማን ካርድ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒትና የክትባት ክምችት፣ ሁሉም እዚያ ይቀመጣል። ኃላፊው አቶ ሙሉቀን የሚባል፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ በኮምፒውተር የተመረቀ ረጋ ያለ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ክፍሉን ሲያሳየኝ ሁለት ጥቁር ሰርቨሮች ብቻ አየሁ።

«የቀሩትስ?» አልሁት። ብዙ ሰርቨር አላቸው ሲባል ሰምቻለሁ።

ሳቀ። «ውስጥ ናቸው፣ እትዬ የሺ። ቨርቹዋል ሰርቨር ይባላሉ። ሁለቱ ብረቶች ሁለት ግቢ ናቸው በይ፤ በየግቢው ውስጥ ብዙ ተከራይ አለ። ካርዱ አንድ ክፍል፣ መድኃኒቱ አንድ ክፍል፣ ላቦራቶሪው አንድ ክፍል ይዟል። ለጤና ጣቢያው ግን እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሰርቨር ነው የሚመስለው።»

«የግቢው በር ቢቆለፍስ?»

«ተከራዩ ሁሉ ውስጥ ይቀራል» አለና መሳቁን ተወ።

የግቢው በር ማለት ገመዱ ነው። ከኋላቸው ዞሬ አየሁ። ከእያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ሁለት ገመድ ወጥቷል፤ የዘረጋው ነጋዴ በዚህ ተመስግኗል። በዓይኔ ተከተልኋቸው። አራቱም ገመዶች ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለች አንዲት ስዊች ይገባሉ። ስዊች ማለት ገመዶች ሁሉ የሚሰባሰቡባት፣ ወደ ውጭ የሚሄደውን መስመር የምታካፍል ጠፍጣፋ ሣጥን ናት። እሷም በአንድ የመብራት ገመድ ነው የምትሠራው።

ለሙሉቀን አሳየሁት። ነገር ለመረዳት ሁለት ጊዜ መነገር የማያስፈልገው ሰው ነው። በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ስዊች ጠየቀ፤ ደግነቱ ሳይዘገይ ከባሕር ዳር መጣ። ግን ዕቃ ሲመጣ የርክክብ ኮሚቴ ፈርሞ ነው የሚከፈተው። የኮሚቴው ሰብሳቢ የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ታከለ ነበሩ። ሥርዓት አክባሪ፣ እጃቸው ንጹሕ፣ አንድ እስክርቢቶ ቢጠፋ የሚታመሙ ሰው ናቸው። የኮሚቴው አባላት በሥራ ተበትነው አልተሟሉም። ካርቶኑ እንደታሸገ ግምጃ ቤት ተቀመጠ።

ነሐሴ ነው። ጋይንት ውስጥ ነሐሴ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አላወራም። አንድ ከሰዓት መብረቅ ከተማው ላይ ወደቀና የኤሌክትሪክ ኃይሉ ዘሎ ተመለሰ። ሰርቨሮቹ በባትሪ ላይ ስለነበሩ ምንም አልሆኑም። ስዊቿ ግን ተቃጥላ ሸተተች። በፍጥነት ገብቼ ሳይ መብራቶቿ ሁሉ ጠፍተዋል። ሙሉቀን የሰርቨሩ ስክሪን ፊት ቁሞ «ሁሉም በሕይወት አሉ» አለ። ካርዱም፣ መድኃኒቱም፣ ላቦራቶሪውም በየክፍላቸው ይሠራሉ። ወደ እነሱ የሚደርስ ግን አልነበረም።

ሙሉቀን ወዲያው አቶ ታከለ ጋ ደወለ። እሳቸው ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ናቸው፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው። «ኮሚቴው ሳይረከብ እንዴት አድርጌ ላስከፍትህ? ነገ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ» አሉ። ለመነ፤ አልሆነም። እኔ የተቃጠለችውን ስዊች ፈታሁ። የመብራት ክፍሏ ውስጥ ጥቁር ጠባሳ አለ። ከአሮጌ ሬዲዮ የተገኙ ዕቃዎች ለቅሜ፣ እየበየድሁ፣ እየለካሁ፣ በማግስቱ ሊመሽ ሲል ነፍስ ዘራሁባት። በሙያ ሥራነቱ የምኮራበት ጥገና ነው። ዘግይቷል እንጂ።

በዚያው ቀን ጠዋት፣ ከስማዳ ገጠር የመጡ ቄስ አምባቸው የሚባሉ ካህን ወገዳ ጤና ጣቢያ ደርሰው ነበር። ቅዳሴ ሊቀድሱ ሲሄዱ ያበደ ውሻ ፊታቸው ላይ ነክሷቸዋል። ወገዳ ክትባቱ አልቋል። ነርሷ የት እንዳለ ለማየት ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ አይከፍትም። ንፋስ መውጫ ደወለች። የክትባት ሠራተኛውም ማየት አልቻለምና ከትዝታው «እስቴ ነበረ» አላት። ነበረ፤ እውነቱን ነው። ግን ከሳምንት በፊት ወደ አርብ ገበያ ተዛውሯል፤ ይህም የተመዘገበው እዚያው የተቆለፈው ግቢ ውስጥ ነው። ቄስ አምባቸውና ሚስታቸው በጭቃ፣ በመኪናም በእግርም እስቴ ሄዱ። የለም ተባሉ። እንደገና ዞረው አርብ ገበያ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ አልፏል። ክትባቱን ጀመሩ። መስከረም ሲጠባ አረፉ።

ሐኪሙ በኋላ «ፊት ላይ የተነከሰ ሰው በጊዜውም ቢደርስ ላይተርፍ ይችላል» ብሎኛል። እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያንን ቃል ትራስ አድርጌ ተኝቼበት አላውቅም።

ጥቅምት ላይ፣ ረፋድ፣ ጥቁር የለበሰች አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች። ወይዘሮ ጥሩዓለም ትባላለች፤ የቄስ አምባቸው ሚስት። በፊት አላውቃትም። ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኔና እሷ ብቻ ነን።

«መሣሪያውን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ግቢ፣ ተቀመጭ።»

አልተቀመጠችም። «ክስ ይዤ አልመጣሁም። እስቴ የለም ሲሉን ‹ንፋስ መውጫ ያለው መሣሪያ ተበላሽቶ ነው› አሉን። ምን እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። አርባው ወጣ፤ ልቤ ግን ‹ምን ነበር?› ይለኛል። ሴት የባሏን ገዳይ መልክ ማወቅ የለባትም?»

ወስጄ አሳየኋት። ስዊቿ ግድግዳው ላይ፣ የበየድሁት ጎኗ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ አረንጓዴ መብራቶቿን ታብለጨልጫለች። ሴትዮዋ ቀረብ ብላ አየቻት።

«ይቺ? የቄስን የዳዊት ማኅደር የምታህል?»

«አዎን።»

«ሌላ አልነበራችሁም?»

የለንም ማለት እችል ነበር። አፌ አልታዘዘልኝም። «ነበረን» አልኋት። «ነይ።»

ግምጃ ቤቱ ክፍት ነበር። አቶ ታከለ ዕቃ እያስቆጠሩ ነው። ሙሉቀንም ኮቴያችንን ሰምቶ ተከተለን። ካርቶኑ መደርደሪያው ላይ፣ ክረምቱን ሙሉ እንደነበረ፣ አሁንም ታሽጎ ተቀምጧል፤ የተጠገነችው ስለምትሠራ አስቸኳይ አይደለም ተብሎ ቆይቷል። ወይዘሮ ጥሩዓለም መዳፏን ካርቶኑ ላይ አደረገች።

«ያን ጊዜ እዚህ ነበር?»

«እዚሁ ነበር» አልሁ።

«ምን ይጠብቃል?»

አቶ ታከለ የሚያስቆጥሩበትን መዝገብ ዘጉ። «ፊርማ» አሉ።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ «እግዜር ይፍታችሁ» ብላ ወጣች። ምርቃን ይሁን ፍርድ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሙሉቀን ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ የካርቶኑን ማሸጊያ ከላይ እስከ ታች ቀደደው።

«አቶ ሙሉቀን፣ ኮሚቴው እኮ…» አለ ዕቃ የሚቆጥረው ሠራተኛ።

«ኮሚቴው እኔን ይጠይቅ» አለ። ጠየቀውም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። አቶ ታከለ ግን ያን ቀን አልከለከሉትም።

ያን በጋ የሠራነውን ሥራ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ሙሉቀን የሰርቨሩን ውስጥ ያውቃል፤ እኔ የውጩን። ሁለታችንም ከጋሽ አየልኝ ጥያቄ ጀመርን። ከአንድ ሰርቨር የሚወጡት ሁለት ገመዶች የት ይገናኛሉ? ስንከፍተው ሁለቱም የሚወጡት ሰርቨሩ ውስጥ ከተሰካ አንድ የኔትወርክ ካርድ ነው፤ ካርዱ ከሞተ ሁለቱም ይሞታሉ። ሌላ ካርድ ጨመርንና አንዱን ገመድ ከአሮጌው፣ ሌላውን ከአዲሱ አወጣን። አንደኛው ገመድ በጣሪያ በኩል፣ ሌላው በወለል በኩል ሄደ፤ አይጥ ቢበላ አንዱን ይብላ። ሁለቱ ስዊቾች በክፍሉ ሁለት ማዕዘን ተሰቀሉ። አንዷ ከከተማው መብራት ጋር በተያያዘ ባትሪ፣ ሌላዋ ጣሪያው ላይ በተከልነው የፀሐይ ኃይል እንድትሠራ አደረግን። ሁሉንም በሁለቱም ጫፍ ስማቸውን ጻፍሁባቸው።

ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ስዊቾች እንዲረዳዱ ብለን እርስ በርሳቸው በሁለት ገመድ አገናኘናቸው። በአፍታ ውስጥ መብራቶቹ ሁሉ ባንዴ እንደ እብድ ይርገበገቡ ጀመር፤ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ያለው ሁሉ ቆመ። የገባው መልእክት ከአንዷ ወደ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ወደ አንዷ እየዞረ፣ በዞረ ቁጥር እየተባዛ መንገዱን ደፈነው። ዘልዬ ገመዱን መዘዝሁት። ሙሉቀን ላብ ላብ ብሎት «ማገናኘቱን እንተወው» አለ። ተውነው። አንደኛዋ ስዊች በአስፋልቱ ዳር በተቀበረው የፋይበር ገመድ፣ ሁለተኛዋ በጉና ተራራ በኩል ባለ የሬዲዮ ማማ፣ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው እንዲወጡ አደረግን። በዋናዎቹ ጤና ጣቢያዎችም፣ በወገዳ፣ በአርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ፣ ከፋይበሩ ሌላ ወደ ጉና የሚያይ የሬዲዮ ሳህን ተከልን። ጉና ላይ ብርዱ ጥርስ ያማታል። እኔ ከታች ቁሜ ሙሉቀን በስልክ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ!» ሲለኝ፣ ከላይ ለተንጠለጠለው ሠራተኛ እየጮህሁ ሳህኑን አስተካከልን።

አልቋል ስንል ለብቻችን ሆነን መንቀል ጀመርን። ከሰርቨሩ አንዱን ገመድ ነቀልሁ፤ ሥራው ሳይቋረጥ በሌላው አለፈ። አንዷን ስዊች አጠፋሁ፤ አለፈ። ሁሉንም ወደ ቦታው መለስሁ። ከዚያ ከፊተኛዋ ስዊች ወደ ውጭ የሚወጣውን ፋይበር ነቀልሁ። ሁሉ ነገር ቆመ። ሙሉቀን በድንጋጤ ተነሳ። ፈልገን ፈልገን ደረስንበት። ሰርቨሩ የሚያየው እሱና ስዊቿ መካከል ያለውን መብራት ብቻ ነው። ያ መብራት በርቷል፤ ስለዚህ መንገዱ ደህና መስሎት፣ ወደ ተቆረጠ ድልድይ መንገደኛ እየላከ ነው። ደጃፍህ ላይ መብራት መኖሩ ከወንዙ ማዶ መንገድ መኖሩን አያሳይም። ሙሉቀን ሦስት ቀን መጽሐፍ ሲያገላብጥ ሰነበተና ስዊቿን አስተማራት፦ የውጪው መስመር ሲሞት ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውንም በር ራሷ እንድትዘጋ። ሰርቨሩ ያኔ ጨለማውን አይቶ በሌላው ይዞራል። እንደገና ነቀልሁ። አለፈ። ሙሉቀን አቀፈኝ፤ እኔም እንደ ልጅ እልል አልሁ።

ርክክቡን በሥራ ሰዓት፣ ሕዝብ በሚበዛበት ሰኞ ረፋድ አደረግነው። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች መጡ። አቶ ታከለም መጡ፤ ከጥቅምት ወዲህ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር። የወገዳዋን ነርስ በስልክ ድምፅ ማጉያ አገናኘሁና የክትባቱን ክምችት ከኮምፒውተሯ እያየች እንድታነብልን ጠየቅኋት። ከዚያ ወደ አቶ ታከለ ዞርሁ።

«እርስዎ ይንቀሉልን።»

«እኔ? የትኛውን?»

«የወደዱትን።»

ጎንበስ ብለው አንዱን ገመድ መዘዙ። ነርሷ ማንበቧን አላቆመችም። ሌላ ይንቀሉ አልኋቸው፤ የፊተኛዋን ስዊች ከነመብራቷ አጠፉ። ነርሷ «…አርብ ገበያ አለ፣ መካነ ኢየሱስ አለ፣ እኛ ጋ አለ…» ትላለች። አቶ ታከለ የነቀሉትን ገመድ እንደያዙ ቁመው አዳመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «መልሼ ልሰካው?» አሉኝ በመጨረሻ። «ይስኩት» አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ አስቸኳይ ዕቃ በመጣ ቁጥር ኮሚቴውን በየቢሮው ዞረው ራሳቸው ነበር የሚያስፈርሙት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለመተረክ አይመቹም፤ ምንም አልሆነማ። መብረቅ ወደቀ፣ መብራት ጠፋ፣ አንዱ ሰርቨር አርጅቶ ሞተና ተከራዮቹ ወደ ሌላው ግቢ ተዛወሩ። እኛ በየወሩ አንድ ነገር በገዛ እጃችን እየነቀልን እንፈትሻለን። ሙሉቀን ወደ ክልል ተዛወረ፤ እኔ ጡረታዬ ደረሰ።

ዘንድሮ በኅዳር ጉልበቴን አሞኝ ነበርና አርብ ገበያ ያለችው እህቴ ዘንድ ሰንብቼ እዚያው ጤና ጣቢያ ልታይ ከቤቴ ተነሳሁ። ወደዚያ ስሄድ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። መንገድ የሚያሰፋ ኤክስካቫተር ዳሩን ቆፍሮ፣ የፋይበሩን ብርቱካንማ ቧንቧ ከአፈሩ መንጥቆ አውጥቶታል፤ ሁለት ጫፉ እንደተበጠሰ ሥር ተንጠልጥሏል። ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። «መቼ ነው የተቆረጠው?» አልሁ በመስኮቱ። «ትናንት ጠዋት» አለኝ አንዱ። «ጠጋኞቹን እየጠበቅን ነው።»

እየተጣደፍሁ ጤና ጣቢያው ደረስሁ። ግቢው በሕሙማን ሞልቷል። ተራዬ ደርሶ ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ስቀርብ አንዲት ወጣት ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች። ማን እንደሆንሁ አታውቅም፤ ከየት ታውቀኛለች?

«የኔ ልጅ፣ ኔትወርክ አለ?» አልኋት።

ቀና ብላ በግርምት አየችኝ።

«መቼ ጠፍቶ ያውቃል፣ እማማ? ስምዎን ይንገሩኝ።»

ነገርኋት። ጻፈች፤ ካርዴ ተገኘ። «ሦስት ቁጥር ይግቡ» አለችኝና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች።